ሰፊ ሜዳ ሆስፒታል የቆመበት ጠዋት

በሰፊ ሜዳ ሆስፒታል ወረፋ የለም። ይህን የምለው እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወረፋ ሳስከብር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ማንም አያታልለኝም። መኪኖች ራሳቸውን ማሰለፍ እስኪጀምሩ ድረስ መገናኛ ላይ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ከሁለት መቶ ሰው መሀል ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን በጓደኛው በኩል ሊሾልክ እንዳሰበ፣ ማን እውነት የታመመች እናት እንዳለችው፣ ማን ደግሞ አንዷን እናት በየሳምንቱ እንደሚያሳምም ፊቱን አይቼ እለያለሁ። ስለዚህ ሚያዝያ 10 ቀን 2083 ዓ.ም. ባለቤቴን ኤልዳናን ይዤ ሰፊ ሜዳ ስገባ መጀመሪያ የፈለግሁት የሰልፉን ጭራ ነው። ጭራ አጣሁ። በሩ ላይ አንዲት ነርስ፣ «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ ናሆም፤ ሁለት ደቂቃ ቀድመዋል» አለችኝ። ቀድመህ መጣህ ተብዬ ስወቀስ የመጀመሪያዬ ነው።

በነገራችን ላይ ናሆምና ኤልዳና ዛሬ የሽማግሌና የአሮጊት ስም ሆነዋል። እኛ ሕፃን ሳለን አንድ ክፍል ውስጥ አራት ናሆም ነበርን። አሁን ወጣቶቹ እነ ይርገዱና እነ በላቸው ናቸው፤ ስም እንደ ልብስ ነው፣ ተጥሎ ይቆይና ተመልሶ ይለበሳል።

የኤልዳና የልብ በር፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሉት፣ የተጎዳው ገና በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ነው። ሃምሳ ምናምን ዓመት ተሸክማው ኖራለች። አዲሱን በር ከራሷ ሥጋ ወስደው ሲያሳድጉላት አሥራ አራት ወር ፈጀ። የደረሰን ደብዳቤ አጭር ነበር፦ በሩ ደርሷል፤ ሚያዝያ 11 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይገጠማል፤ በዕለቱ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተገጠመ ይበላሻል፣ ሌላ ማሳደግ ይጠይቃል። ሌላ ማሳደግ ማለት ሌላ አሥራ አራት ወር ነው። ኤልዳና ደግሞ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ የምትቀመጥ ሰው ሆና ነበር። አሥራ አራት ወር እንደሌላት እሷም እኔም እናውቃለን። አንዳችን ለሌላችን ግን አልተናገርነውም።

ሆስፒታሉን የሚመሩት ነርሶች ናቸው። አባቴ ቢሰማ አያምንም፤ በእሱ ዘመን ነርስ ማለት ሐኪሙ ሲናገር እየተከተለ የሚጽፍ ሰው ነበር። እዚህ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» ብሎ ነርሷን ያስፈቅዳል፤ እሷ «ቆይ» ካለችው ይቆያል። ነገሩ የተጀመረው፣ እነሱ እንደሚተርኩት፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት አንዲት ነርስ በአንድ ቀን ስንት እርምጃ በከንቱ እንደምትራመድ መቁጠር የጀመረች ዕለት ነው። ጓንት ፍለጋ፣ ቁልፍ ፍለጋ፣ ፊርማ ፍለጋ። «ባዶ እርምጃ» አሉት ስሙን። ከዚያ ወዲህ ባዶ እርምጃን እንደ ቁንጫ እያሳደዱ ሲገድሉ ኖሩ፤ ያተረፉትን ደቂቃ ሁሉ ወስደው አልጋ አጠገብ አኖሩት። ያን ዕለት ኤልዳና ደሟን ልትመረመር የትም አልሄደችም። የምርመራው ክፍል ራሱ መጥቶ ከእኛ ክፍል ጋር ተጋጠመ፣ ሥራውን ጨረሰና ግድግዳው ተመልሶ ተዘግቶ ሄደ። እኔ በአፌ እንጀራ ይዤ ቀረሁ። ምሳው ራሱ ሳልጠራው ነበር የመጣው።

መግቢያው አዳራሽ ላይ አንድ ትልቅ ግድግዳ አለ። የዳይሬክተር ፎቶ ወይም የለጋሽ ስም ይሆናል ብዬ ቀረብኩ። የነርሶች ስም ነው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ቀን፣ ከቀኑ ቀጥሎ «ቆመች» ወይም «ቆመ»፣ ከዚያም የተገኘው ነገር። «የተቀያየረ ደም ተገኘ።» «የተሳሳተ እግር ላይ ምልክት ተገኘ።» ብዙዎቹ ላይ ግን የተጻፈው «ምንም አልተገኘም» የሚል ነው፤ በዚያው መጠን፣ በዚያው ወርቃማ ፊደል። ትርጉሙ ያኔ አልገባኝም። ምንም ላላገኘ ሰው ግድግዳ ማባከን ምን ይባላል ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ርክክብ ሆነ። የሌሊቱ ነርስ ብራዘር በላቸው፣ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ የቀኗን ነርስ ሲስተር ይርገዱን ይዞ ገባ። ይርገዱ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አጭር፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ስትሰማ አንገቷን ዘንበል የምታደርግ። የሙቀትና የግፊት ቁጥር ሲነበብ ለመስማት ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። በላቸው ግን እጁን አጣምሮ ኤልዳናን ትክ ብሎ እያየ፣ «ለእትዬ ኤልዳና ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለ።

ደንግጬ ተነሣሁ። እሱ ቀጠለ።

«የመጀመሪያው፣ ግፊታቸውን ስለካ እጄን ሳላሞቅ ነካኋቸው፤ ደነገጡ፣ ልኬቱ ተበላሸ፣ ደግሜ ቀሰቀስኳቸው። ሁለተኛው፣ ‹ደህና ነዎት?› ብዬ ጠየቅኋቸው። ደህና ነኝ ከማለት በቀር መልስ የሌለው ጥያቄ ነው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።»

«ተረክቤያለሁ» አለች ይርገዱ። ጥፋቱንም በሽተኛዋንም እኩል ነው የተረከበችው።

እኔ በሕይወቴ ጥፋቱን ሳይጠየቅ የሚናገር ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። መገናኛ ላይ ሃያ ሰው የረገጠውን እግር ማንም አልረገጠውም ነበር። ለካስ ይህ በየክፍሉ፣ በየአልጋው፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይደረጋል፤ የተነገረው ጥፋት ሁሉ ተሰብስቦ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንድ አሠራር ይቀየርበታል። ይርገዱ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከአስታማሚ በኩልስ ጋሼ? የምንረከበው ነገር አለ?» አለችኝ።

«ኧረ የለም ልጄ» አልኳት። በዚያ ሰዓት እውነቴን ነበር።

ነገሩን ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ኤልዳና ፊቷን ታጥባ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ከማታ ጀምሮ ምግብም ውሃም እንዳትቀምስ ተነግሮናል። ቦርሳዬ ውስጥ ከሰፈራችን ደብር ያመጣሁት ጠበል ነበር፣ በትንሽ ላስቲክ ጠርሙስ። የከለከሉት ውሃ ነው፤ ጠበል ደግሞ ውሃ አይደለም። ጾመኛ በባዶ ሆዱ የሚጠጣው፣ ጾም የማያፈርስ ነገር እንዴት ይከለከላል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ግን ሆዴ ሳያውቅ አልቀረም፤ ካላወቀ በሩን ለምን ገልመጥ አደርጋለሁ?

ጠርሙሱን ስሰጣት፣ «ሲስተሯ ፈቅዳለች?» አለችኝ።

«ፈቅዳለች» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ አማተበችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ይርገዱ መጥታ፣ «ምግብ ወይም ውሃ ቀምሰዋል?» አለች፤ «ምግብም ውሃም አልቀመሰችም» አልኩ። ኤልዳና አልጋዋ ላይ ወጣች። አልጋው፣ እንደ ልማዱ፣ በለስላሳ ድምፅ ተናገረ፦ ከሌሊቱ ክብደት አራት መቶ አሥር ግራም ጨምሯል። ይርገዱ ወደ እኔ ዞር አለች። «ጋሼ፣ ምን ተጨም—»

«ነጠላዋን ነው» አልኩ።

አልጋው ተቀበለኝ። የነጠላውን ክብደት ገምቶ ቀነሰ፣ አረንጓዴ መብራቱን አበራ። ክፍላችን ወደ ቀዶ ጥገናው ሊጓዝ ሲል ወለሉ ሥር ቀስ ያለ ንዝረት ተሰማኝ። ተገላገልኩ አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እኔም ከዚህ ወዲያ ዝም እላለሁ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ይርገዱ አልተንቀሳቀሰችም። አረንጓዴውን መብራት አየች፣ እኔን አየች። አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከዚያ፣ ጮክም ሳትል፣ እንደ ተራ ነገር፣ አንድ ቃል ተናገረች።

«ቆሜያለሁ።»

ንዝረቱ ጠፋ። ከግድግዳው ባሻገር የሌላ ሰው ድምፅ፣ «ቆመናል» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ከላይ ካለው ፎቅ ሌላ። እየራቀ፣ እየሳሳ፣ በብዙ አፍ፣ «ቆመናል»፣ «ቆመናል» እያለ ሄደ። የሚጓዙት ክፍሎች ሁሉ ባሉበት ቀሩ። አሳንሰሩ ቆመ። አንድ ትሪ በአየር ላይ እንደተያዘ ቀረ። የተከፈተ ሰውነት ያለበት ክፍል ብቻ ሥራውን ይቀጥላል ብለው ኋላ ነገሩኝ፤ ሌላው ሁሉ፣ ስምንት መቶ አልጋ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠራተኛ፣ በአንዲት ነርስ ቃል ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሆስፒታሉ ሲሠራ ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው።

መስታወቱ በር ላይ አንድ ጸጉሩ የነጣ ሰውዬ መጥቶ ቆመ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ትልቁ ሐኪም ነው፤ ፎቶውን ጋዜጣ ላይ አይቼዋለሁ። ለምን ቆማችሁ አላለም። ሰዓቱንም አላየም። የታጠቡ እጆቹን ወደ ላይ እንደያዘ፣ ዝናብ እንደሚያሳልፍ ሰው በትዕግሥት ቆመ። እኔ ግን መታገሥ አልቻልኩም።

«ምን ሆነ ልጄ? መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ!»

«አዎ፣ አረንጓዴ ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«አላውቅም ጋሼ» አለች። «ልቤ አልቆረጠም። ጥያቄዬን ሳልጨርስ መለሱልኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምንም ላይገኝ ይችላል። ምንም ካልተገኘ ‹ምንም አልተገኘም› ተብሎ ይጻፋል፣ እንቀጥላለን። እርስዎም አይጨነቁ።»

ቁጣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፖሊስ ብትጠራ፣ «እውነቱን ተናገር» ብትለኝ፣ ለዚህ የሚሆን መልስ አላጣም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሾፌር ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። እሷ ግን እጇን አጣምራ ቆመች። ስምንት መቶ አልጋም አብሯት ቆመ። አንድ ታክሲ መንገድ ሲዘጋ ከኋላው ምን እንደሚፈጠር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከኔ ኋላ ያለው ሰው ታየኝ፦ ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ልጁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስጮህበት የኖርኩት ያ መንገድ ዘጊ ዛሬ እኔ ነበርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔዋ ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ ከበደችኝ።

ኤልዳናን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ብናገር ቀኗ ያልፋል፣ በሩ ይበላሻል፣ አሥራ አራት ወር ይላሉ። ባልናገርስ? ባልናገር ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ነርሷ ግን ባታውቀውም ቆማለች።

«ጠበል አጠጥቻታለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «አንድ ሰዓት ላይ። ግማሽ ሊትር አይሞላም። ጠበል ነው ብዬ ነው… ውሃ አይደለም ብዬ።»

ይርገዱ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች። ፊቷ ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ማተቧን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ጠበሉን ማን ይነቅፋል ጋሼ» አለች፣ «እናቴም በዚሁ ነው ያሳደገችኝ። ሰመመኑ ግን ጠበልና የቧንቧ ውሃ አይለይም። ተኝተው ሳለ ወደ ላይ ቢመለስ ሳንባቸው ውስጥ ይገባ ነበር። አመሰግናለሁ፤ አሁን ይቀመጡ።» ከዚያ አንገትጌዋን ነካ አድርጋ ለሆስፒታሉ ሁሉ ተናገረች። «ይርገዱ ነኝ። የኔ ጥፋት ተገኝቷል። ‹ምግብ ወይም ውሃ ቀምሰዋል?› ብዬ ነው የጠየቅሁት። በሽተኛዋ ጠበል ጠጥተዋል፤ ጠበል ደግሞ በእነሱ ቤት ውሃ አይባልም። ጥያቄው ስሕተት ነው። ዛሬ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁትን አርባ አንድ ሰዎች ሁሉ እንደገና ጠይቁልኝ፤ በየእምነታቸው፣ በየስሙ ጥሩት።»

እኔ ብቻዬን ያጠፋሁ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ ቀና አልኩ።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ አልጋ አሥራ አንድ። ጠበል፣ አንድ ብርጭቆ። ባለቤታቸው ናቸው የሰጧቸው።»

«አራተኛ ፎቅ፣ አልጋ ሃያ ሁለት። ዘምዘም። ልጃቸው ከሐጅ ያመጣላቸው።»

«አልጋ ሠላሳ። ጠበል። ‹እሱም ይቆጠራል እንዴ?› እያሉ ነው።»

ከሩቅ የአንድ ሰው ልቅሶ ተሰማ። ከዚያ ሌላ አልጋ፣ ከዚያ ሌላ። ይርገዱ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ግድግዳው ላይ የተደገፈው ትልቁ ሐኪም ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንሥቶ ይሰማል። አምስት ሆኑ። የእኔን ኤልዳናን ጨምሮ ስድስት። አለቀ ስል የአንዲት ነርስ ድምፅ መጣ።

«የሕፃናት ክፍል፣ አልጋ አራት። የአራት ዓመት ልጅ ናት። አያቷ በጥዋት በማንኪያ በማንኪያ… ሲስተር፣ ሰመመን መስጫው ክፍል ደርሳ ነበር። ጭንብሉ ፊቷ ላይ ሊሆን ሲል ነው ‹ቆሜያለሁ› ያልሽው።»

ሰባት። ከአርባ አንድ ሰው ሰባት። ሰባት ቤት፣ ሰባት ቦርሳ፣ ሰባት «ይህ አይቆጠርም» ያለ ልብ። ሁሉም አረንጓዴ መብራት ነበራቸው። ያቺን ልጅ አይቻት አላውቅም፤ ስሟንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ኀፍረት ነው ብዬ መለየት አልቻልኩም። አንዲት ሴት ልቧ ስላልቆረጠ ብቻ አንድ ትልቅ ከተማ የሚያህል ነገር ቆሞ ጠበቃት፤ ያ ሁሉ ጥበብ፣ ያ ሁሉ የተቆጠረ እርምጃ፣ ለዚህች አንዲት ማመንታት ቦታ ትቶላት ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የሙያዬ ጉዳይ ነው። ሰባቱ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው በየግድግዳችን ላይ በምስል ብቅ አልን፤ ሰባት ያበጠ ዓይን። ይርገዱ ነገሩን አልሸፋፈነችም። ውሃው ከሆድ እስኪያልፍ ሁሉም መጠበቅ አለበት፤ ከሰዓት በኋላ የሚገኘው ክፍት ቦታ አምስት ነው፤ ሁለት ሰው ለነገ ይተላለፋል። «ማሽኑ ቅደም ተከተል አውጥቶልናል» አለች፣ «ግን የእናንተ ስለሆነ መጀመሪያ እናንተ ተነጋገሩበት።»

በየመናኸሪያው የማውቀው ዓይን መጣ፤ ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ የሌላውን የሚያይበት። ብድግ አልኩ። የኤልዳና በር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ የእኔ ትቅደም ለማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን የለመድኩት ነው። «ልጅቷ ትቅደም» አልኩ። «ልጅ ሰልፍ አይጠብቅም። ከዚያ ቀን የሚያልፍበት። ከዚያ ሕመም የበረታበት። ነገ መምጣት የሚችል ካለ እጁን ያውጣ፤ ማንም በክፉ አያየውም፣ ማንም አይረሳውም።»

ዘምዘም የጠጡት ሽማግሌ፣ ሐጂ ሙኒር ይባላሉ፣ ሳቅ አሉ። «የኔ የሐሞት ጠጠር ነው» አሉ። «አሥር ዓመት ተስማምተን ኖረናል፤ አንድ ቀን ቢጨመር አይቀየመኝም። የአልጋ አሥራ አንዷን ሴትዮ አስቀድሙ።» አልጋ ሠላሳም እጁን አወጣ። ኤልዳና ሦስተኛ ሆነች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ይርገዱ ዝርዝሩን ከማሽኑ ጋር አስተያየችና፣ «ማሽኑ ሐጂን ነበር ሁለተኛ ያደረገው» አለች። «የእናንተ ይሻላል።»

ከዚያም፣ «ቀጥሉ» አለች። ወለሉ ሥር ያለው ንዝረት ተመለሰ። ትሪው መንገዱን ቀጠለ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቆመን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰዷት። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለና፣ ገብቶ፣ በሩ ጥሩ አድርጎ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ነገረኝ። እጁን ስሜ ላመሰግነው ስል እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ በአገጩ ወደ ይርገዱ ጠቆመኝ።

በማግስቱ ጠዋት ርክክብ ሲደርስ ኤልዳና ነቅታ ተቀምጣ ነበር። ከንፈሯ ሮዝ ሆኗል፤ እኔ ይህን ቀለም ከሠርጋችን ዕለት ወዲህ አላየሁትም። ይርገዱ ዕረፍቷ ቢሆንም መጥታለች። እንደ ደንቡ ቆመችና፣ «ለእትዬ ኤልዳና አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለች። «የተሳሳተ ጥያቄ ጠየቅሁ። ጥያቄው ትናንት ማታ በሁሉም ሆስፒታል ተቀይሯል።»

ተራው የእኔ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። «እኔም ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ለሲስተርም ለአንቺም። ፈቅዳለች ያልኩሽ ውሸቴን ነው ኤልዱ።»

ኤልዳና ሳቀች፤ ደረቷን ስላመማት ግን ቶሎ አቆመች። «አውቄያለሁ እኮ» አለች። «አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ ስትዋሽ የማላውቅ መሰለህ?»

ይርገዱ አንገቷን ዘንበል አደረገች። «እያወቁ ነው የጠጡት? ለምን እትዬ?»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበራ» አለች ኤልዳና። «ልቧ የሚከፈተው እኔ፣ የሚንቀጠቀጠው እሱ። ካልጠጣሁለት እዚያው የሚወድቅ መሰለኝ። ይረጋጋ ብዬ ነው።»

ይርገዱ ወንበር ስባ ከአጠገቤ ተቀመጠች። እዚያ ቤት ነርስ ተቀምጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ጋሼ» አለች፣ «ጥያቄውን አሁንም አላገኘሁትም ማለት ነው። በአሥራ አራት ወር ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት ነገር ጠይቀንዎታል። የቤትዎን ደረጃ ሳይቀር ቆጥረናል። ይህን ግን አልጠየቅንዎትም። ምን ነበር የፈሩት?»

ምንም አልፈራሁም ልላት ነበር። እሷ ግን የምትጽፍበት ነገር አልያዘችም፤ ወዴትም አትቸኩልም። ሐኪሙ በሩ ላይ መጥቶ «ልግባ?» ሲል እጇን አንሥታ «ቆይ» አለችው፤ ቆየ።

«ቤት ብቻዬን መግባት» አልኳት። «በሩን ከፍቼ ስገባ ከውስጥ ማንም ሳይናገረኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልፈራሁም።»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለኤልዳና ስናገር እንኳ የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብዬ ላያት ደፈርኩ። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«እኔም እሱኑ ነበር የፈራሁት» አለች። «አንተ ብቻህን ስትገባ።»